ልብ ወለድን ፊልም ለማድረግ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የድራማ ክበባችን አንድ የታወቀ ልብ ወለድ ወደ አጭር ፊልም ሊለውጥ ነው። አንዱ አባላችን «አሜሪካ ውስጥ በዚህ የተከሰሱ አሉ» ብሎ አስቆመን። እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እውነት ነው። የአሜሪካው ፊልም ሠሪ የካሌም ኩባንያ ተዋናይትና የፊልም ጽሑፍ ደራሲ ጂን ጎንቲየር እ.ኤ.አ. በ1907 የሉ ዋላስን ልብ ወለድ «ቤን ሁር» ለድምፅ አልባ ፊልም አሳጥራ ጻፈችው። ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፤ የጊዜው ልማድ ነበርና። አሳታሚው ሃርፐር ክስ መሠረተ። በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ያለ ቃል በድርጊት ብቻ ማሳየትም ታሪኩን ወደ ድራማ መለወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ጎንቲየር በ1912 የክርስቶስን ሕይወት ጽፋ ግብፅና ፍልስጤም ውስጥ ሲቀረጽ ማርያምን ሆና ተጫወተች፤ ለወንጌል ደግሞ ከሳሽ የለም!

የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) መብቱን ለደራሲው ዕድሜ ልኩን፣ ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አሳታሚው «ፈቅጃለሁ» ቢላችሁ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ የያዘው የኅትመቱን መብት ብቻ ነው። ደራሲውን፣ ካረፉም ወራሾቻቸውን ጠይቁ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ፊልም፣ በየትኛው ቋንቋ፣ እስከ መቼ፣ በዩቲዩብ ጭምር መሆኑና ክፍያው ይገለጽበት። የቃል ፈቃድ ወራሽ ሲመጣ አያዛልቅም።