«ፕፍ» ካለ ቁም፤ ቀለህ ስለመሙላት የጠየቃችሁኝ

የሾትገን (ባንድ ጥይት ብዙ ጠጠር የሚተፋ ጠመንጃ) ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት የትርፍ ጊዜ ሥራዬ መሆኑን አንድ ጊዜ ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ቆሞ አያውቅም። ዛሬ ከተደጋገሙት የተወሰኑትን ላንሳ።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፤ የተተኮሰ ቀለህ ወዲያው አይጣልም። ያለፈበትን ፕራይመር (ከታች ተመትቶ ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ክብ ነገር) አውጥተህ አዲስ ታስገባለህ፣ ባሩድ ትጨምራለህ፣ በላዩ ዋድ የሚባለውን የፕላስቲክ ጽዋ ታስቀምጣለህ፣ ጽዋው ውስጥ የእርሳስ ጠጠሩን ትሞላለህ፣ በመጨረሻ የቀለሁን አፍ አጥፈህ ትዘጋለህ። ይህን ሁሉ በእጅ የሚሠራ ትንሽ ማሽን ያግዝሃል። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ባሩድና ፕራይመር መያዝ በብዙ አገር ፈቃድ ይጠይቃል፣ መሙላት ጭራሽ የማይፈቀድበትም አለ። ማሽን ከመግዛትህ በፊት ሕጉን ጠይቅ።

«እውነት ገንዘብ ይቆጥባል? ወይስ ለሚስቴ የምነግራት ሰበብ ነው?»

ሰበብ ነው ወንድሜ። ቀልዱን ትተን፣ በምትተኩሰው ላይ ይወሰናል። ተራው ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፣ ወደ ታች አስረዳለሁ) የዒላማ ጥይት በገፍ ስለሚመረት ከፋብሪካ ዋጋ ብዙም አትርቅም። 28 ጌጅ ወይም 410 የምትተኩስ ከሆነ ግን ልዩነቱ ይታያል፤ ምክንያቱም እነሱ እርሳሳቸው ያንሳል እንጂ ሱቅ ውስጥ ዋጋቸው አያንስም። ከወጪው ብዙውን የሚይዘው እርሳሱ ነው። አንድ ጥይት 28 ግራም ከወሰደ አንድ ኪሎ እርሳስ 35 ጥይት ብቻ ይሞላል። ወረቀት አውጣና አስላው። ብዙዎቻችን ያተረፍነውን ገንዘብ ተመልሰን የምንተኩሰው መሆኑንም አትርሳ።

«መመሪያው የጠቀሰው ዋድ አለቀብኝ። የሚመሳሰል ሌላ አለኝ፣ ባሩዱን ትንሽ ቀንሼ ብጠቀምስ?»

አይሆንም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የሚደጋገመው ጥያቄ ይሄ ነው።

የሽጉጥና የሌላ ጠመንጃ ጥይት የሚሞሉ ሰዎች ከትንሹ መጠን ጀምረው ቀስ እያሉ ይጨምራሉ። ያንን ልማድ ይዞ ወደ ሾትገን የሚመጣ ሰው «እኔም ትንሽ ቀንሼ ልጀምር» ይላል። ሾትገን ላይ ይህ አይሠራም። መመሪያው ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር አንድ ሙሉ ቅመራ ነው፦ ይህ ቀለህ፣ ይህ ፕራይመር፣ ይህ ባሩድ በዚህ ክብደት፣ ይህ ዋድ፣ ይህን ያህል እርሳስ። አንድ ላይ ተፈትነዋል፣ ግፊታቸው አንድ ላይ ተለክቷል። አንዱን ስትቀይር ሌላ ጥይት ሠራህ ማለት ነው፣ ያንን ጥይት ደግሞ ማንም አልለካውም።

ዋዱ ባሩዱ ላይ ጠበቅ ብሎ ከተቀመጠ ወይም የተሻለ ካፈነው ግፊቱ ከፍ ይላል። ፕራይመር ሁሉ እኩል አይደለም፣ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይነዳል፤ ሌላው ሁሉ ሳይነካ ፕራይመሩን ብቻ መቀየር ግፊቱን ከሚፈቀደው በላይ ሊያወጣው ይችላል። ቀለህም እንደዚያው ነው፤ ከውጭ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቀለሆች ውስጣቸው ሲታይ የአንዱ ታች ከፍ ያለ፣ የሌላው ጠፍጣፋ ይሆናል። ሾትገን ደግሞ ብዙ ግፊት የሚችል መሣሪያ አይደለም፣ የአፈሙዙ ግድግዳ ስስ ነው።

ባሩድ መቀነስም ሌላ ጣጣ አለው። ግፊቱ ሲያንስ ባሩዱ በደንብ አይነድም፣ ዋዱም መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። እና ዋዱ እስኪመጣ ጠብቅ፣ ወይም በእጅህ ላለው ዋድ የተጻፈ ሌላ ቅመራ መመሪያው ውስጥ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ይገኛል።

«አንዱ ጥይቴ ‹ፕፍ› ብሎ ወጣ። ቀጥዬ ተኮስኩ፣ ምንም አልሆነም። ችግር አለው?»

እግዚአብሔር አትርፎሃል፣ ከልቤ ነው የምልህ።

በእኔም ደርሷል። አራተኛውን ፓኬት እየሞላሁ ስልክ ተደወለ፤ አውርቼ ተመለስኩና እጀታውን ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ካቆምኩበት መስሎኝ ነው እንግዲህ። በማግሥቱ ዒላማ ሜዳ ላይ ቃታውን ስስበው በ«ድም» ፈንታ «ፕፍ» አለ፣ እርሳሱም ከፊቴ ጥቂት እርምጃ ሳይርቅ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። እኔ ሳቄ መጣ። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ግን «ቁም!» ብሎ ጮኸ። ጠመንጃውን ከፍቼ ቀለሁን አወጣሁና ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ውስጥ አየሁ። ክብ ብርሃን መታየት ነበረበት፣ ጨለማ ነው። ዋዱ መሐል ላይ ተሸጉጧል። ያንን ጊዜ ሁለተኛውን ብተኩስ ኖሮ አፈሙዙ ያብጥ ወይም ይፈነዳ ነበር፣ ግራ እጄ ደግሞ የሚይዘው እዚያው ላይ ነው።

ባሩድ ያልገባበት ጥይት ነበር። ፕራይመሩ ብቻውን ዋዱን ገፍቶ ግማሽ መንገድ ላይ ተወው። ባሩዱ ከማሽኑ ቱቦ ውስጥ ተያይዞ ሳይወርድ ሲቀርም ይኸው ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ድምፁ ከተለየብህ መተኮስ አቁም፣ ጠመንጃውን አውርድ፣ ከፍተህ አፈሙዙን እይ። ጭራሽ ካልተኮሰ ደግሞ ቶሎ አትክፈት፤ ዘግይቶ ሊነድ ስለሚችል ቢያንስ 30 ሰከንድ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞርክ ጠብቅ።

ስትሞላ የቀለሁን አፍ እጥፋት ልብ በል፣ ብዙ ነገር ይናገራል። መሐሉ ጎድጎድ ካለ ውስጡ የጎደለ ነገር አለ። አብጦ አልዘጋ ካለ የተረፈ ነገር አለ። ባሩድ ሁለት ጊዜ ገብቶ ይሆናል፣ ይሄኛው ከባዶው የባሰ ነው። በእጀታው ኃይል ጨምረህ አትዝጋው፣ ቆርጠህ ክፈተው። እኔ ዛሬ ስልክ ሲጮህ እጄ ላይ ያለውን ጥይት አፍርሼ ነው የማነሳው። ካላመንክ ደውልና እየው፣ ቶሎ አላነሳም።

«ጥይት ሞልቼ አላውቅም ግን አንድ ነገር ይገርመኛል፤ የ20 ጌጅ ጥይት ለምን ቢጫ ሆነ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። መጀመሪያ ቁጥሩን ላስረዳሽ። አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡል ቢከፈል፣ የአንዱ ድቡልቡል ስፋት የ12 ጌጅ አፈሙዝ ስፋት ነው፣ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለ20 ሲከፈል 15.6 ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ይጠብባል። (410 ከዚህ ወጣ ያለ ነው፣ ስሙ ራሱ ስፋቱ በኢንች ነው።)

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የ20 ጥይት 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ከገባ በማቀፊያው (ጥይቱ በሚቀመጥበት ክፍል) ሾልኮ ወደ ፊት ይሄድና አፈሙዙ ውስጥ ይሰካል። ባለቤቱ ከፍቶ ሲያይ ባዶ ይመስለዋል፣ የ12ቱን ከኋላው ያስገባል፣ ይተኩሳል። አፈሙዙ ይፈነዳል። ቢጫው ዓይን እንዲይዝ ነው። ሁለቱንም የምንሞላ ሰዎች ደግሞ አንዱን ጠቅልለን ካላነሳን ሌላውን ጠረጴዛ ላይ አናወጣም።

«ባሩዱን እንዳይረጥብ ጥብቅ የብረት ሣጥን ውስጥ ቆልፌ አስቀመጥኩት። ደግ አደረግኩ?»

ሐሳብህ ደግ ነው፣ ሣጥኑ አይደለም። ጭስ አልባ ባሩድ ሜዳ ላይ ቢያዝ ቦግ ብሎ ይነዳል እንጂ አይፈነዳም፤ አፍነህ ከቆለፍክበት ግን ቦምብ ሠራህ። በመጣበት ዕቃ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ፣ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጠው። ወደ ሌላ ጠርሙስ አትገልብጠው፣ በወሩ ምን እንደሆነ ትረሳዋለህ። የሚኮመጥጥ ሽታ ካመጣ ወይም ቀላ ያለ ብናኝ ካየህ ተበላሽቷል፣ አትጠቀምበት። ፕራይመርንም ከፓኬቱ አውጥተህ ማሰሮ ውስጥ አታጠራቅም፤ አንዱ ከተነሣ ሁሉም ተከትሎት ይነሣል።

«እርሳሱን ራሴ አቅልጬ ጠጠር ብሠራስ? ወጥ ቤት ውስጥ ሰፊ ቦታ አለኝ።»

ወጥ ቤት? ኧረ በስመ አብ!

በ1782 ብሪስቶል ውስጥ ዊሊያም ዋትስ የሚባል ሰው የቀለጠ እርሳስ በወንፊት አሳልፎ ከከፍታ ወደ ውሃ የሚጥልበትን ዘዴ ፓተንት አውጥቶበታል፤ ጠብታው አየር ላይ እያለ ራሱን ያድቦለቡላል። ዘዴው ያምራል። አንተ ግን ግዛው። እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ። ማቅለጡን ትተን ዝም ብሎ ጠጠሩን መንካት እንኳ እጅህን ያጠቁራል፣ ያ ጥቁር ነገር እንጀራህ ላይ እንዲያርፍ አትፈልግም። ስለዚህ መሙያው ምግብ ከሚበላበት ጠረጴዛ ይራቅ፣ ሲሞሉ መብላትም ማጨስም የለም፣ ሲጨርሱ እጅ በሳሙና፣ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ። በደረቁ አትጥረገው፣ አቧራውን ታስነሣዋለህ።

«አንድ ቀለህ ስንት ጊዜ ይሞላል?»

ቀለሁ ራሱ ይነግርሃል። አፉ ከተሰነጠቀ፣ እጥፋቱ ላይ ቀዳዳ ካወጣ፣ ወይም አዲሱ ፕራይመር ያለምንም ትግል ገብቶ ከተወዛወዘ ጣለው። ለአንድ ቀለህ ብለህ አትከራከር።

«በእርሳሱ ፈንታ የብረት ጠጠር በዚያው መጠን ብሞላስ?»

ከላይ ስለ ዋዱ የነገርኩትን ተመልሰህ አንብብ። ብረት ይጠነክራል፣ ከእርሳስም ይቀላል፤ ስለዚህ አፈሙዙን እንዳይፍቅ የራሱ ወፍራም ዋድ፣ የራሱ ባሩድ፣ የራሱ ቅመራ አለው። ጠመንጃህ ያረጀ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለጠመንጃ ሠሪ አሳየው፣ ብረት የማይችል አፈሙዝ አለ።