ቾፒን፣ ዋግነር እና የግማሽ ድምፅ ጉዳይ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ሮማንቲክ ዘመን (የ19ኛው ክፍለ ዘመን) ሙዚቃ፣ በተለይም ስለ ክሮማቲክ ሃርመኒ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ዛሬ ጥቂቶቹን ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ክሮማቲክ ማለት ጥቁሮቹን የፒያኖ ቁልፎች መጫወት ነው?»

አይደለም። ቢ ሜጀር የሚባለው ስኬል (የድምፆች መሰላል) አምስቱንም ጥቁር ቁልፎች ይጠቀማል፤ ሁሉም ግን የስኬሉ አባላት ናቸው። ክሮማቲክ የሚባለው ከያዝነው ስኬል ውጪ ያለ ድምፅ ሲገባ ነው።

አንድ አንባቢ የዋግነርን ኦፔራ፣ የ«ትሪስታን እና ኢዞልዴ»ን መግቢያ ሰምቶ «ለአንድ ኮርድ ይህ ሁሉ ወሬ ለምን?» ይላል።

ኮርድ ማለት አብረው የሚሰሙ ድምፆች ናቸው፤ ይህኛው ኤፍ፣ ቢ፣ ዲ-ሻርፕ፣ ጂ-ሻርፕ ነው። እነዚህ አራት ድምፆች ከዋግነር በፊትም አብረው ተሰምተዋል። ወሬው ቀጥሎ ስለሚሆነው ነው። ቼሎዎች ብቻቸውን ይጀምራሉ፣ ኮርዱ ይገባል፣ ኦቦው ከጂ-ሻርፕ እስከ ቢ በግማሽ ድምፅ (ከአንዱ የፒያኖ ቁልፍ ወደ ቅርብ ጎረቤቱ) እየረገጠ ይወጣል። ሙዚቃው የሚቆመው ግን ራሱ ማረፊያ በሚፈልግ ኮርድ ላይ ነው። ጆሮ ኤ ማይነርን ይጠብቃል፤ የሚመጣው ዝምታ ነው። ውጥረቱ የሚፈታው ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ኦፔራው ሊያልቅ ሲል፣ በቢ ሜጀር ነው። ኦፔራው ቪየና ላይ ከ70 በላይ ልምምድ ተደርጎበት ቀረ፤ መድረክ ያየው በ1865 ሙኒክ ውስጥ ነው።

«ዋግነር ቶናሊቲን ገደለው» የሚባለውን አልቀበልም። ቶናሊቲ ማለት ሙዚቃው ወደ አንድ ማረፊያ ድምፅ ማዘንበሉ ነው። ኤ ማይነርን የማይጠብቅ ጆሮ እዚህ ቦታ ላይ አይጨነቅም።

«ዲሚኒሽድ ሰቨንዝ ኮርድ ለምን አራት ስም ይኖረዋል?»

ይህ ባለ አራት ድምፅ ኮርድ ነው፤ ድምፆቹ እኩል ስለሚራራቁ አራቱም መነሻ መሆን ይችላሉ። ዝርዝሩን የቲዎሪ መምህር ይጠይቁ።

«ጆሮዬ ያደገው በትዝታና በባቲ ነው። ይህ ሙዚቃ ግራ ያጋባኛል፤ ችግሩ ከጆሮዬ ይሆን?» የምትል እህት አለች።

ጆሮሽ ምንም አልሆነም። ቅኝቶቻችን አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ ዘፈኑም ብዙ ጊዜ ከቅኝቱ አይወጣም። ግማሽ ድምፅ ራሱ ግን እንግዳሽ አይደለም። አንቺሆዬ ከሲ ሲነሳ ሲ እና ዲ-ፍላት ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ኤፍ እና ጂ-ፍላትም እንዲሁ። እዚያ ግማሽ ድምፁ ቋሚ ቦታ አለው፤ በእነዋግነር ሙዚቃ ግን መተላለፊያ ነው። ለጊዜው ዜማውን ተይና ባሱን (የታችኛውን ድምፅ) ብቻ ተከተይ።

አንዲት ተማሪ የቾፒንን የኢ ማይነር ፕሪሉድ (አጭር የፒያኖ ሥራ)፣ ኦፐስ 28 ቁጥር 4ን እያጠናች ነው። ቀኝ እጇ ሁለት ኖታ እየደጋገመ አሰልችቷታል፤ የግራውን ኮርዶች ፔዳል ረግጣ ታልፋቸዋለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። የምታልፊው ዋናውን ነገር ነው! ቀኝ እጅሽ ቢ እና ሲ ላይ የሚመላለሰው ከሥሩ የሚሆነው ነገር እንዲሰማ ነው። ግራ እጅሽ የሚነሳው ከተራ የኢ ማይነር ኮርድ ነው፤ ከታች ጂ፣ መሃል ቢ፣ ከላይ ኢ። ከዚያ ሦስቱ ድምፆች ተራ በተራ ይወርዳሉ። አንዱ ሲወርድ ሌሎቹ ይጠብቁታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደውም ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። በመሃል የሚፈጠሩት ኮርዶች ብዙዎቹ ስም ለመስጠት ያስቸግራሉ። በስም ፍለጋ አትድከሚ፤ የትኛው ጣት እንደተንቀሳቀሰ ስሚ።

እንዲህ ተለማመጂ። ቀኝ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ፣ ፔዳሉን ተይው። የሚደጋገመውን ኮርድ አንዴ ብቻ ተጫውተሽ ያዢው። ወደሚቀጥለው ስትሄጂ የሚለወጠውን ጣት ብቻ አንሺ፤ አዲሱን ድምፅ በአፍሽ አንጎራጉሪው። ፔዳሉ ሲመለስ ደግሞ ድምፅ በተለወጠ ቁጥር ቀይሪው፤ አለዚያ አሮጌውና አዲሱ ተደባልቀው መውረዱ አይሰማም።

ሊያልቅ ሲል ሙዚቃው ከታች ቢ-ፍላት ያለበት ኮርድ ላይ ይቆማል። ቾፒን ከዚያ ዝምታ ጽፎ የማቆያ ምልክት አድርጎበታል። እባክሽ አትቸኩዪ። ከዝምታው በኋላ ባሱ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ቢ ላይ ይገባል፤ ሦስት ለስላሳ ኮርዶች፣ ከዚያ አለቀ። በ1849 የቾፒን ቀብር ላይ፣ ፓሪስ ማድሌን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በኦርጋን ከተጫወቷቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ፕሪሉድ ነው።

አንድ አባት «ስለማመድ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ምን ዓይነት ማፍታቻ ይሻለኛል?» ይላሉ።

ለዚህ ማፍታቻ አልነግርዎትም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ይሂዱ። «እስኪለምድ ነው» የሚልዎትን አይስሙ። የሙዚቃ ደራሲው ሮበርት ሹማን የፒያኒስትነት ተስፋውን የተወው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ቀኝ እጁ ተጎድቶ ነው። ሐኪሙ እስኪያይዎት ድረስ ፒያኖውን አይንኩት።