ሚሊዮን ልጥፍ ወይስ ሠላሳ ሰው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የመገናኛ ብዙኃንና ተግባቦት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደርሳቸውን ዜና በምን መመዘኛ እንደሚያምኑትና እንደሚጠራጠሩት የሚመረምር ነው። ሠላሳ ያህል ሰዎችን በጥልቀት ለማነጋገር አቅጄ ነበር፤ አብረውኝ የሚማሩት ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ልጥፍ በኮምፒውተር ሰብስቦ መተንተን በሚቻልበት ዘመን ቃለ መጠይቅ ጊዜው ያለፈበት ዘዴ ነው ይሉኛል። ዕቅዴን ልለውጥ?

መልስ፦ አይለውጡ። የጥናት ዘዴ የሚመረጠው በጥናቱ ጥያቄ ነው፤ የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ ስለ ማመንና ስለ መጠራጠር ስለሆነ ሰዎቹን ሳያነጋግሩ ከልጥፍ ብቻ መልሱን ሊያገኙት አይችሉም።

ጓደኞችዎ የመረጃን ብዛት ከመረጃ ታማኝነት ጋር አንድ አድርገው ያዩት ይመስለኛል። ይህ ስሕተት ከኮምፒውተር ዘመን በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን ውጤት ለመተንበይ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ በዚህም ተመሥርቶ አልፍሬድ ላንደን እንደሚያሸንፉ አስታወቀ። ያሸነፉት ግን ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ ድል ያደረጉት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነበሩ፤ እጅግ ባነሰ ናሙና የሠሩት ጆርጅ ጋሉፕም አሸናፊውን አስቀድመው በትክክል ተናግረው ነበር። መጽሔቱ አድራሻዎቹን በአብዛኛው የወሰደው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ስለነበር፣ በወቅቱ በነበረው የኢኮኖሚ ቀውስ ክፉኛ የተጎዳው ሕዝብ በበቂ ሁኔታ አልተወከለም፤ መጠይቁን ሞልቶ የመለሰውና ሳይመልስ የቀረውም ሰው አስተያየታቸው የተለያየ ነበር። ዛሬ ከአንድ ፕላትፎርም የሚሰበሰብ ልጥፍም ይህንኑ ጉድለት ይዞ ይመጣል፤ የሚጽፈውን ሰው ያሳያል እንጂ ዝም ብሎ እያነበበ የሚያልፈውን አያሳይም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት ሴት ስለ አንድ መድኃኒት የተጻፈ ዜና ለእኅቷ አስተላለፈች እንበል። በተመራማሪው ሠንጠረዥ ላይ የሚሰፍረው ዜናው አንድ ጊዜ መጋራቱ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ግን ዜናውን አምናበት ሊሆን ይችላል፤ «እንዲህ ያለ ውሸት ቢደርስሽ እንዳትሰሚ» ለማለት ልካው ሊሆን ይችላል፤ እኅቷ ነገሩን የተሻለ ታውቃለች ብላ እውነቱን ለማጣራት ፈልጋም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ርእሱን ብቻ አይታ ውስጡን ሳታነብ አሳልፋው ሊሆን ይችላል። እነዚህ አራት ድርጊቶች በቁጥር ሲሰፍሩ አንድ ናቸው፤ ለእርስዎ ጥናት ግን ዋናው ጉዳይ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው። መልእክቱ የተላከው በግል የመልእክት መለዋወጫ ከሆነ ደግሞ ከናካቴው አይመዘገብም።

ከዘርፉ ታላላቅ ግኝቶች አንዱ የተገኘውም ሰዎችን ደጋግሞ በማነጋገር ነው። ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኤሪ በተባለች አውራጃ 600 መራጮችን ከግንቦት እስከ ኅዳር በየወሩ እየተመላለሱ ጠየቁ። ሬዲዮና ጋዜጣ የመራጩን ሐሳብ በቀጥታ ሲለውጡ እናያለን ብለው ነበር የተነሡት፤ ያገኙት ግን ብዙ ሰዎች ስለ ምርጫው የሰሙት በጭውውት መሆኑንና የመገናኛ ብዙኃን መልእክት ንቁ ተከታታይ በሆኑ ሰዎች በኩል አልፎ ወደ ሌሎች እንደሚደርስ ነው። የጋዜጦቹን ይዘት ብቻ ቢቆጥሩ ኖሮ ይህን ባላዩት ነበር።

ግዙፍ መረጃ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር ላይ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያሰራጯቸውን 126,000 ያህል የወሬ ሰንሰለቶች ተከታትሎ፣ ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው በራቀና በፈጠነ መንገድ እንደሚዛመት፣ ይህም በአብዛኛው የሰዎች እንጂ የቦቶች (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚንቀሳቀሱ አካውንቶች) ሥራ እንዳልሆነ አሳይቷል። ሠላሳ ሰው በማነጋገር እንዲህ ያለ መደምደሚያ ላይ መድረስ አይቻልም። ሆኖም ያ ጥናት የሚነግረን ወሬው የት እንደደረሰ ነው፤ ያስተላለፉት ሰዎች አምነውት እንደሆነ ግን አይነግረንም። የእርስዎ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ጓደኞችዎ ያላሰቡት ሌላም ነገር አለ፤ በእኔ እምነት የዘርፉ ከባዱ ችግር ይኸኛው ነው። ያ የሚሊዮን ልጥፍ ክምችት የተመራማሪው ንብረት አይደለም። ትዊተር ለተመራማሪዎች በነፃ ከፍቶት የነበረውን የመረጃ በር እ.ኤ.አ. በ2023 ዘጋ፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታም ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች የልጥፎችን ስርጭት ይከታተሉበት የነበረውን ክራውድታንግል የተባለ መሣሪያ በነሐሴ 2024 አቋረጠ። በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ላይ የቆመ ጥናት ኩባንያው ሐሳቡን በለወጠ ማግስት መና ይቀራል፤ ሌላ ተመራማሪ ውጤቱን ደግሞ ለማረጋገጥም መንገድ ያጣል። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በአንቀጽ 40 ግዙፎቹ ፕላትፎርሞች መስፈርቱን ለሚያሟሉ ተመራማሪዎች መረጃ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ በጎ ጅምር ነው፤ ሆኖም የአንድ አካባቢ ሕግ ነው። በገዛ ፈቃዱ ሊያነጋግርዎት የተቀመጠን ሰው ግን ማንም ኩባንያ ሊዘጋብዎት አይችልም።

ለቃለ መጠይቁ አንድ ነገር ልጨምር። «ዜናን የሚያምኑት በምን መመዘኛ ነው?» ብለው በጥቅሉ ቢጠይቁ፣ መላሹ ሊሆን የሚፈልገውን ሰው እንጂ የሆነውን አይነግርዎትም፤ ሁሉም ምንጩን አጣራለሁ ይላል። ከዚህ ይልቅ ፈቃደኛ ከሆነ ስልኩን ራሱ ይዞ ሰሞኑን የደረሱትን ዜናዎች አንድ በአንድ እያሳየ እንዲተርክልዎ ያድርጉ። «ይህ ሲደርስዎት መጀመሪያ ያዩት ምኑን ነው? የላከውን ሰው ወይስ ጽሑፉን? ከዚያስ ምን አደረጉ?» ብለው ይጠይቁ። መላሹ በተለየ ዜና ላይ ሲናገር ያደረገውን ያስታውሳል። አሥር ዜና ከእርስዎ ጋር ያየ ሰው፣ አንድ ሰዓት ስለ እምነት በጥቅሉ ካወራ ሰው የበለጠ ያስተምርዎታል።

ጥያቄ፦ ዓለም በአንድ መረብ ከተሳሰረች በአንድ ቦታ የተገኘን ንድፈ ሐሳብ በሌላው ላይ እንዳለ መጠቀም አይቻልም?

መልስ፦ መረቡ አንድ መሆኑ አረዳዱን አንድ አያደርገውም። ተመራማሪዎቹ ታማር ሊብስና ኤሊሁ ካትስ፣ ዳላስ የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በዓለም ዙሪያ በሚታይበት ጊዜ የተለያየ ማኅበራዊ መሠረት ያላቸው ትንንሽ የተመልካች ቡድኖች አንድን ክፍል አብረው እንዲያዩና ታሪኩን እንዲተርኩ አድርገዋል፤ ግኝታቸውም እ.ኤ.አ. በ1990 በመጽሐፍ ወጥቷል። አንዳንዶቹ ቡድኖች የቤተሰቡን ታሪክ በቅደም ተከተል አወሩ፤ ከሩሲያ የመጡ ስደተኞች ግን የድራማው ሠሪዎች ምን ሊሰብኩን ፈልገው ነው ወደሚለው ጥርጣሬ አዘነበሉ። በጃፓን ደግሞ ድራማው ተመልካች አላገኘም። ሁሉም ያዩት አንድ ምስል ነበር።

ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ንድፈ ሐሳብ ሲደርሰን በተሳታፊዎቻችን ላይ የምንፈትነው መላምት አድርገን እንቀበለው። ሳይስማማ ሲቀርም እንደ ውድቀት አይቁጠሩት፤ አለመስማማቱን በግልጽ ያስረዳ ጥናት ንድፈ ሐሳቡ እስከ የት እንደሚሠራ ለሁላችንም ያሳውቃል።

ጥያቄ፦ በይፋ የተለጠፈን አስተያየት የጸሐፊውን ፈቃድ ሳልጠይቅ በጥናቴ ልጠቅስ እችላለሁ?

መልስ፦ ለሁሉ ክፍት መሆኑ ብቻ በቂ ፈቃድ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የፌስቡክ ተመራማሪዎች የ689,003 ተጠቃሚዎችን የዜና ገጽ ለአንድ ሳምንት ለውጠው ስሜታቸው ከሚያዩት ልጥፍ ጋር ይለዋወጥ እንደሆነ ፈትነዋል። የተገኘው ለውጥ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ጥናቱ በ2014 ሲታተም ግን ሰዎቹ ሳያውቁ የሙከራ ተሳታፊ መደረጋቸው ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ ያሳተመው መጽሔትም ሥጋቱን በጽሑፍ ገለጸ። የአጠቃቀም ውልን መቀበል በጥናት ለመሳተፍ ፈቅዶ ከመፈረም ጋር አንድ አይደለም።

የእርስዎ ሥራ የማንንም ገጽ አይለውጥም፤ ነገር ግን አስተያየቱን ቃል በቃል ከጠቀሱት ማንም ሰው በመፈለጊያ ላይ አስገብቶ በአንድ አፍታ ባለቤቱን ያገኘዋል። ስሙን ሳይጠቅሱ መተው ብቻውን ከለላ አይሆንም። የታወቀ ባለሥልጣን ወይም ተቋም የጻፈው ከሆነ ይጥቀሱት፤ የግለሰብ ከሆነ ግን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ማግኘት ካልቻሉ ሐሳቡን በራስዎ ቃል ያስፍሩትና ዋናውን ጽሑፍ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፋይል ለብቻው ያኑሩት።