ጊዜው የት ጠፋ?

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፍኩ መካኒክ ነኝ። መኪናችሁ ላይ ዳታ መቅጃ፣ ማለትም ፍጥነትንና ቦታን የሚመዘግብ ዕቃ፣ መግጠም መጀመራችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ከውድድር ልምምድ ስትመለሱ የምትጠይቁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዙሩን በስንት ጨረስኩት?» ይህንንማ የእጅ ሰዓትም ይነግራችኋል።

መቅጃው ጊዜው የት እንደጠፋ ያሳያል። አንድ ፈጣንና አንድ ዘገምተኛ ዙር ምረጡና ፍጥነታቸውን የሚያሳዩትን የግራፍ መስመሮች ደርባችሁ እዩ። በሰዓት ሳይሆን በርቀት ደርቧቸው። አለበለዚያ አንዱ ኩርባ ውስጥ ሲሆን ሌላው ገና ቀጥታው ላይ ይሆናል፤ ንጽጽሩ ፉርሽ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እግር ሥራ የፈታበትን ቦታ ነው። ጀማሪ ኩርባ ሲያይ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል፤ ፍሬን ግን ወዲያው አይዝም። ከያዘና ከለቀቀ በኋላም ነዳጅ እስኪሰጥ ይቆያል። ለእሱ ጥንቃቄ ይመስለዋል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግን በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል። መስመሩን ብታዩት ፍጥነቱ መጀመሪያ በቀስታ ያዘነብላል፣ ከዚያ ነው ቁልቁል የሚወርደው። ያቺን ቀስ ያለች ማዘንበል ፈልጓት፤ ጊዜያችሁን የምትበላው እሷ ናት።

ፍሬን አዘግይቶ መያዝ ጀግንነት የሚመስላቸውም አሉ። ኩርባው ውስጥ በፍጥነት ይገባሉ፣ መኪናውን ለማዞር ይታገላሉ፣ ነዳጅ የሚሰጡት ዘግይተው ነው። መግቢያው ላይ ያተረፉትን በቀጥታው ሙሉ ይከፍሉታል። በተለይ ረጅም ቀጥታ ከሚከተለው ኩርባ ስትወጡ ነዳጁን ቀድማችሁ መስጠታችሁን ተመልከቱ።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። የስልክ ጂፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል፤ በ90 ፍጥነት ኩርባውን ዘሎት ሊያልፍ ይችላል። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግብ ከሆነ በየ2.5 ሜትሩ አንድ ነጥብ ታገኛላችሁ። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ የኮምፒውተር መሰኪያ ስለሌለው የፔዳሉን መረጃ አይሰጣችሁም። አብሽሩ፣ ፍጥነቱና ቦታው ብቻ ብዙ ይናገራል።

ደሴ ያላችሁ ልጆች የውጭ አገር ሰዎች ዳታ እያያችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ የቀጥታ መንገድ ፍጥነታችሁን ከእነሱ ጋር አታወዳድሩ። የጎማ መያዝ ግን በአየሩ መሳሳት አይቀንስም። ኩርባ ላይ ሰበብ የለም።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ይህን ሁሉ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንዳትሞክሩት። መቅጃው ከኩርባው ወዲያ ሕዝብ የጫነ ሚኒባስ እየመጣ መሆኑን አያውቅም። ለመንገደኛ በተዘጋ ሜዳ ላይ ብቻ ይሁን። ሜዳ ካልተገኘ ቆዩ።

በአንድ ልምምድ አንድ ኩርባ ላይ ብቻ ሥሩ። ጎማም ፍሬንም አነዳድም በአንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንደጠቀማችሁ መቼም አታውቁትም። ፋይሉን ይዛችሁ ስትመጡም ደብተር ጨምሩ፤ የጎማው ንፋስ ስንት እንደነበር፣ አስፋልቱ ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ መኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንደነበር ጻፉበት።