«ይሁንታ»፣ «ማንዴት» ወይስ «አደራ»?

አንድ አንባቢ «በጠባብ ልዩነት ያሸነፈ ፓርቲ ‹የሕዝብ ይሁንታ አግኝቷል› ቢባል አማርኛው ያስኬዳል? ወይስ ‹ማንዴት› ማለት ይሻላል?» ሲሉ ጠይቀዋል። «ማንዴት» መራጩ ለአሸናፊው የሚሰጠውን ሥልጣን የሚጠራ የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ነገሩ እኔንም ሲከነክነኝ ኖሯል። «ይሁንታ» በትእዛዝ አንቀጹ «ይሁን» ላይ «-ታ» ተጨምሮ የተበጀ ስም ነው፤ በአፈጣጠሩ የ«ይሉኝታ» ወንድም ነው (ጠባብ አሸናፊ ሁለቱንም ቢይዝ ደግ ነበር)። «ይሁን» ደግሞ መጠን አያውቅም፤ ወይ ተብሏል ወይ አልተባለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ጆርጅ ቡሽ ወሳኝ የነበረችውን የፍሎሪዳ ግዛት በ537 ድምፅ ብልጫ አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ በመላው አሜሪካ ከተፎካካሪያቸው ከአል ጎር በግማሽ ሚሊዮን ያህል ድምፅ ያንሱ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን ሙሉ እንጂ በብልጫው ልክ ተቆርሶ የተሰጠ አልነበረም። ስለዚህ ቃሉ ለሥልጣን ያስኬዳል። ያዙኝ ልቀቁኝ የምለው አሸናፊው ዕቅዱ ሁሉ ይሁንታ እንዳገኘ ሲናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የብሪታንያ ሕዝበ ውሳኔ 51.9 በመቶው «ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ» አለ፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን ወረቀቱ አልጠየቀም።

«ማንዴት» አቻ ስለሌለው እንዳለ ይወሰድ የሚሉ አሉ። የላቲን ሥሩ «እጅ» እና «መስጠት» ከሚሉት ቃላት እንደተገጠመ ይተነተናል፤ በእኛ ቋንቋ ግን እጅ መስጠት መማረክ ነው፤ መራጩን እንዲህ ባንለው እመርጣለሁ። «ውክልና»ስ ምን አነሰው? በግእዝ «ተወከለ» ማለት «ታመነ» ነው፤ በዳዊት መዝሙር «በእግዚአብሔር ተወከልኩ» እንደሚለው። ዛሬ ግን ቃሉ ማኅተምና ሰነድ ማኅተምና ሰነድ ይሸታል።

እኔ «አደራ»ን እወዳለሁ፤ «አደራ በላ» የሚል ስድብ ያለው ቋንቋ ሌላ ቃል ፍለጋ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም። ያልመረጠ ሰው ምን አደራ ሰጠ ብለው የሚሞግቱኝ አሉ፤ አጥጋቢ መልስ የለኝም፤ ቢሆንም ከምርጫዬ አልመለስም።

ልማዱ ግን ጥሎኝ ሄዷል፤ በዜናው «ይሁንታ»፣ በክርክሩ «ማንዴት» ሥር ሰድደዋል። እንግዲያው ጠያቂዬ «የመምራት ይሁንታ አግኝቷል» ብለው ይጻፉ፤ «ለዕቅዱ ሁሉ» የሚለውን ግን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ካላዩት አይጨምሩበት።