ጥያቄና መልስ፦ የምግብና መስተንግዶ ጨረታ በጎንደር

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ምግብ ማቅረብ ለምታስቡ የጎንደር ልጆች፣ ለጠየቃችሁኝ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ማራኪ ሰፈር ምግብ ቤት አለኝ። ማስታወቂያውን የት ላግኘው?

መልስ፦ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በበኩር ጋዜጣ ያወጣሉ፤ በየግቢያቸው ሰሌዳም ይለጥፋሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን የፌዴራል ተቋም ነው፤ በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ላይ በአቅራቢነት ከአሁኑ ተመዝገቢ።

ጥያቄ፦ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን አዘዞ እንጀራ እንጋግራለን። ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) የሚሆን ብር የለንም።

መልስ፦ እህቶቼ፣ በዚህ ምክንያት እንዳትቀሩ! ማስታወቂያውን አንብቡና ካደራጃችሁ ተቋም የዋስትና ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤው የዚያኑ ጨረታ ቁጥር የጠቀሰ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዋጋ ዝቅ ካላደረግን እናሸንፋለን?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ልዘርዝረው። ዋጋው የሚሞላው በአንድ እንጀራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱም በግራም ይጠቀሳል። አንድ ኩንታል ጤፍ አስፈጩ፣ በተጠየቀው ክብደት ጋግሩ፣ እየመዘናችሁ ቁጠሩ። የተቀደደውንና ያረረውን አትቁጠሩ፣ ተረካቢው ይመልሰዋል። ከዚያ የወፍጮ፣ የመብራት ወይም የማገዶ፣ የጋጋሪና የመኪና ወጪ ደምሩ። ውሉ የዓመት ከሆነ ጤፍ አዲስ በገባበት በጥር ዋጋ አትሙሉ፤ ክረምት ሲመጣ ይወደዳል። ቫት የሚከፈልበት መሆን አለመሆኑን፣ ዋጋውም ቫትን ይጨምር እንደሆነ አጣሩ፤ የሚከፈልበት ከሆነ 15 በመቶ ማለት ትርፋችሁ ሁሉ ሊሆን ይችላል። ክፍያ ደግሞ ከርክክብ በኋላ ነው፣ ይዘገያልም፤ እስከዚያ ጤፍ የምትገዙበት ብር ከሌላችሁ በዱቤ ትያዛላችሁ። ሂሳቡ ካላዋጣ ይህን ጨረታ ተዉት፣ ሌላ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ፤ ከውድድር ግን ውጭ ሆንኩ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ፣ መብትህ ነው። የተለመዱት ያልታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ማኅተም ያላረፈበት ገጽ፣ ዋጋው ላይ ያልተፈረመበት ስርዝ ድልዝ ናቸው። ፖስታው ሲከፈት ተገኝና የተነበበውን ዋጋ ሁሉ ጻፍ፤ ለሚቀጥለው ጨረታ ይጠቅምሃል።

ጥያቄ፦ ለሥልጠና ምሳ የጾሙን ነገር እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም አለ። ሰነዱ የጾምና የፍስክ ዋጋ ካልለየ፣ የማብራሪያ መጠየቂያው ቀን ሳያልፍ በደብዳቤ ጠይቂ። ለሙስሊም ሠልጣኞችም ሥጋው ለብቻው ታርዶ ለብቻው መሠራት አለበት፤ ወጪውን ዋጋሽ ውስጥ አስገቢው።