ጨዋታው በማን ሰዓት ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን፣ ልጆችን ቼዝ የሚያሠለጥኑ አንባቢ፦ ልጆቻቸው ከአንድ የኒውዮርክ ቡድን ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት በኢንተርኔት ይጋጠማሉ። መጋቢት 5 ቀን 2018 እንደወትሮው ሲገቡ ጨዋታው አልፎ፣ በፎርፌ ተሸንፈው ጠበቃቸው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጀርመኖቹን የገጠሙት ግን በተለመደው ሰዓት ነበር። “አሜሪካኖቹ ሆን ብለው ነው ወይ?” ይላሉ።

ሆን ብለው አይመስለኝም። ልጆቹም ግን አላጠፉም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሁድ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ትመልሳለች። በ2018 የማርቹ እሁድ የዋለው የካቲት 29 ነው። እስከዚያ ድረስ ኒውዮርክ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደኋላ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ በ7። ጨዋታው የተቀጠረው በእነሱ ሰዓት ስለሆነ፣ ለእነሱ ምንም ሳይለወጥ ለእናንተ ከ1 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት መጣ።

ያዘናጓችሁ ጀርመኖቹ ናቸው። አውሮፓ የሚለውጠው በማርች የመጨረሻው እሁድ ነው፤ ያ ደግሞ መጋቢት 20 ነበር። ለሦስት ሳምንት አሜሪካ ተንቀሳቅሳ አውሮፓ እዚያው ቆመች ማለት ነው። ከመጋቢት 20 በኋላ የጀርመኖቹ የማታ 3 ሰዓት ጨዋታም ወደ 2 ሰዓት ወረደ።

“የእኛ አቆጣጠር ነው ጉድ የሚሠራን” የሚሉ ሰዎች ደጋግመው ይጽፉልኛል። በዚህ አልስማማም። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት አንዴ ከተለመደ አለቀ፤ በጋ ከክረምት አይነቃነቅም። እኛ ዘንድ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ሰዓታችንን ከንጋት ብንቆጥር ያምርብናል። ለንደን ግን ረጅሙ ቀን ከ16 ሰዓት ይበልጣል፣ አጭሩ 8 አይሞላም። ብርሃኑን ለመሻማት ሰዓታቸውን ይገፋሉ፣ ይጎትታሉ። ያ የእነሱ ጉዳይ ነው። ግን ሲለውጡ ለእንግዳ ቡድን መንገር ነበረባቸው።

አንድ ጊዜ ከተማችን ኢንተርኔት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ አይቻለሁ። ባና ደርቦ፣ ጣቶቹን በትንፋሹ እያሞቀ፣ ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ተቀምጧል። የመጣለት አንድ ወታደር እንኳ ሳይገፋ “ተሸንፈሃል” የሚል ጽሑፍ ነው። ሒሳቡን ከፍሎ ዝም ብሎ ወጣ። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከማንኛውም ውድድር በፊት አዘጋጁን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ሰዓቱ የማን ነው? ዩቲሲ በሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት ይጻፍልን ይበሉ። እኛ ሁልጊዜ ከእሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ እሱም እኛም አንለወጥም። በዩቲሲ 16 ሰዓት ከተባለ ለእናንተ ምንጊዜም ማታ 1 ሰዓት ነው። “አይሆንም፣ በኒውዮርክ ሰዓት ነው” ካሉ፣ ሁለቱን የለውጥ እሁዶች ክለቡ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ለመጋቢት 5ቱ ፎርፌም ለአዘጋጁ ደብዳቤ ይጻፉ። ድጋሚ ጨዋታ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ስልኩ የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳየው በእጁ ስድስት ሰዓት ወደኋላ መልሶታል። አሁን የጨዋታ ማስታወሻዎቹ ሁሉ ዘግይተው ይደውላሉ።

ወንድሜ፣ መልሰው። ዛሬውኑ። “ሰዓትና ቀን” ውስጥ ገብተህ ራሱ እንዲያስተካክል አድርገው፤ ከተማው አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ይሁን፣ አንድ ነው። ስድስቱን ሰዓት በልብህ ቀንስ። እምቢ ካለህ ስልክ ጠጋኝ ጋ ውሰደው።

ከመሐል ሜዳ፣ አንዲት ተማሪ፦ “እሁድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት” ተብላ እሁድ ማታ ስትጠብቅ አደረች። ጨዋታው ለካ ቅዳሜ ሌሊት አልፏል።

እህቴ፣ ፈረንጆቹ ቀኑን የሚቀይሩት በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለእኛ ግን ሌሊቱ ገና የቅዳሜ ነው። አያቶቻችን ለዚህ ጥሩ ቃል አላቸው፤ “ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ”። ደብተርሽ ላይ እንደዚያ ጻፊው፣ ዳግመኛ አይምታታብሽም።

ከደብረ ሲና፣ አንዲት እናት፦ የ12 ዓመት ልጃቸው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይጫወታል። ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ዓይኑ አንድ ቦታ ፈጦ ይቀራል፣ ሲጠሩት ለአፍታ አይሰማም። “እንቅልፍ ይሆን?” ይላሉ።

እናቴ፣ ይህን እኔ ልመልሰው አልችልም፤ በይሆናል የሚታለፍም አይደለም። የእንቅልፍ እጦት ሊሆን ይችላል። የሚጥል በሽታም አንዳንዴ በዚህ መልክ ይታያል፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ያባብሰዋል። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው። ያዩትን ሁሉ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጭምር፣ ጽፈው ይውሰዱ። እስከዚያው የሌሊት ጨዋታ ይቅር። አሠልጣኙ ቅር ቢለው ይበለው።

ከአንኮበር፦ የህንድ ተጋጣሚው ቀጠሮ ሁሌ ግማሽ ሰዓት ይዛነፍበታል።

አልተሳሳትክም። ህንድ በ2 ሰዓት ተኩል ትቀድመናለች፤ የእነሱ ማታ 8 ሰዓት ለአንተ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ዓመቱን ሙሉ።